ሁለተኛዋን ጥይት ማን ተኮሳት

ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ እንደሚገፋ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ቢያንስ የሚያውቅ ይመስለዋል። ወደ ላይ እንደሚዘል ግን እኔ ያወቅሁት በአጎቴ ለቅሶ ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረንም። ቆመን ያየነው ነገር ነው ያስተማረን፣ ክፍያውንም በዚያው ቀን ተቀበለን።

ወልቂጤ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ከትዳር በስተቀር ቤት የሚያቆም ነገር ሁሉ እኔ ጋ አይጠፋም። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። የቀረውን መርካቶ አስፋልት ላይ ሸራ አንጥፌ ተማርኩት። እዚያ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ ሰው «ሳላስበው ነው» ካለ አስቦበታል የሚል ነበር። ዕቃ አንስቶ የሚሄደው ሳያስበው ነው፤ የተሰነጠቀ ዕቃ ሸጦ የሚሰወረውም ሳያስበው ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ጆሮዬን ዘግቼ ኪሴን እይዝ ነበር። የምነግራችሁ ነገር ሲጀምር እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

አጎቴ አባባ ዘበርጋ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከጉንችሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖሩ ነበር። አስታራቂ ሰው ነበሩ። ሳያስታርቁ የቀሩት የራሳቸውን ልጅና የራሳቸውን ጎረቤት ብቻ ነው። የበኩር ልጃቸው ሳህሌ ጉንችሬ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋል፤ ዝምተኛ ነው። ጎረቤታቸው ሀብቴ ገበሬ ነው፤ ቀልደኛ፣ ምላሱ የማይያዝ። በሁለቱ የእንሰት ማሳ መካከል አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ አለ። የማን እንደሆነ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። አጎቴ ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ሀብቴ አንዱን ዛፍ ቆርጦ ጣለው። ሳህሌ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንድ ቀን ታገኛታለህ» አለው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሳህሌ ከመቀስ የሚበልጥ ነገር ይዞ አይታወቅም። ቃሉ ግን ተሰምቷል። ሄዶ በሰው ጆሮ ውስጥ ተቀምጧል።

በእኛ አገር ከቤቶቹ ደጅ ፊት ለፊት ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ ተዘርግቷል። ሠርጉም፣ ሽምግልናውም፣ ለቅሶውም እዚያው ነው። በመንደራችን ወግ ትልቅ ሰው ሲሞት የበኩር ልጁ ከለቀስተኛው ፊት ወጥቶ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ዘመዶች ከጀርባው ይቆማሉ። ከተኳሽ ጀርባ መቆም የክብር ቦታ ነው፣ አደጋ የሌለበት ቦታም ነው። ምንሽር ወደ ኋላ ተኩሶ አያውቅማ። መንደሩ ይህን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያውቀዋል፤ እውነትም ነው፣ ለምንሽር።

የአጎቴ ምንሽር ግን መምቻው ተሰብሮ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። ለወጉ ያህል እኔ ትከሻዬ ላይ ይዤው ከሳህሌ ጎን እንድቆም ተወሰነ። ለተኩሱ ደምሴ ተገኘ። ደምሴ የአጎቴ የወንድም ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የመኪና ጎማ ይነግዳል፣ ፈቃድ ያለው ሽጉጥም ከወገቡ አይለይም። ሽማግሌዎቹ ሽጉጡን አዩት። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። አንዱ አዛውንት እንደ አባባ ዘበርጋ ላለ ሰው ይህች አታንስም ወይ ብለው ቅር ሲላቸው አስታውሳለሁ። ያን ጠዋት ሁላችንም የፈራነው ማነሷን ነበር።

ደምሴ ማነሷን መስማት አልወደደም። ካዝናውን አውጥቶ ባዶውን ያሳየን ጀመር። በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ወደ እንሰቱ አነጣጠረ። ያሠለጠኑት ሰዎች እንዲህ እንዳሳዩት ነገረን። ሀብቴ ከለቀስተኛው መካከል ሆኖ አየው፣ አየውና አላስቻለውም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ከምድጃ ላይ ድስት እያወረድክ ነው እንዴ?»

በለቅሶ ላይ የሚመጣ ሳቅ ክፉ ነው፤ ሰው ታፍኖ ስለሚቆይ ሲለቀቅ አይመለስም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተነቃነቁ። ሀብቴ ሳቅ ሲያገኝ የሚጨምር ሰው ነው።

«ለዚህች ጣት ለምታህል ሁለት እጅ! የኛ ሰው ሁለተኛውን እጁን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል።»

ደምሴም እያፈረ ሳቀ፤ ሽጉጡን ወገቡ ላይ መለሰ። ሳህሌ አልሳቀም። አባቱ የሞቱበት ሰው ነው። እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ እጆቹን ሲመለከት ነበር።

የተኩሱ ሰዓት ደረሰ። የሀብቴ ወገን ሽማግሌ የሆኑት አባ ኬርጋ ሀብቴን ክንዱን ይዘው አመጡትና ከሳህሌ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርገው አቆሙት። የዛፉ ጠብ ለዛሬ እንደተተወ ሰው ሁሉ እንዲያይ ነው። ሀብቴም ደስ ብሎት ቆመ። ደምሴ ካዝናውን አጎረሰ፣ አቀባበለና ለሳህሌ ሰጠው። «ቃታዋን ሳብ ነው፣ ሌላ የለውም» አለው። ሌላ እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር።

ሳህሌ በአንድ እጁ አነሣው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አልነበረም፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ከእንሰቱ በላይ፣ ወደ ተራራው በኩል። ክርኑ ላላ ያለ ነው። አንጓው መቀስ እንደያዘ ሰው አንጓ ለስልሷል። ዓይኑን ጨፈነ።

ፈነዳ። አፈሙዙ ተነሣ፤ አንጓው ታጠፈ፤ ክርኑ ተከተለው፤ ሽጉጡ በጆሮው በኩል አልፎ ወደ ኋላ ዞረ። ልክ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ እጁን መትቶ እንደጣለበት። ከዚያ ደግሞ ፈነዳ። በሁለቱ ድምፆች መካከል «እንዴ» የሚል ቃል እንኳ አይገባም ነበር።

ጥይት የመታው ሰው የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። ሀብቴ ቁጭ አለ። ደክሞት ወንበር እንደፈለገ ሰው ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ከቀኝ አንገቱ ሥር፣ ከትከሻው ጥግ የሚወጣውን ደም በመዳፉ ሸፈነው። ምንም አላለም። ሀብቴ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከደሙ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

ሰዉ እግሩ ወደመራው ሲበተን የሀብቴ ታላቅ ወንድም ሽብሩ አልሮጠም። ወንድሙን በአንድ ክንዱ ደግፎ ቀና አለና ሳህሌን አየው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንድ ቀን ታገኛታለህ ብለህ ነበር» አለው።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ቃል አለ፣ ሽጉጥ አለ፣ የተመታ ሰው አለ። ሦስቱ ተገጣጥመው ሲቀመጡ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ።

ሀብቴን በደምሴ መኪና አታት ወዳለው ሆስፒታል ወሰዱት። ሳህሌን ፖሊስ ወሰደው፣ ሽጉጡም አብሮ ሄደ። አጎቴን በችኮላ ቀበርናቸው። በእኛ ወግ ደም ያፈሰሰ ሰው ቤተሰብ ነገሩ እስኪለይ ከተጎጂው ዓይን ይርቃል፤ የሳህሌ እናትና እህቶቹ ልብሳቸውን በማዳበሪያ ቋጥረው ወልቂጤ እኔ ቤት ገቡ። ሀብቴ ቢሞት፣ ነገሩም ሆን ተብሎ ነው ቢባል፣ እነዚህ ሰዎች ወደዚያ ጀፎረ አይመለሱም። ፍርድ ቤት የፈለገውን ቢል በሽብሩ ልብ ላይ አይፈርድም።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሽብሩና ሌላው ታናሽ ወንድሙ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሻይ ያዝዛሉ። አይነጋገሩም። ሻዩ ቀዝቅዞ ይቀራል። አታት ተኝቶ ያለውን ወንድማቸውን ጠይቀው ሲመለሱ እዚያ ያርፋሉ ይላል ሰው፤ ከአታት ሲመጡ የሚታረፍበት ሌላ ሻይ ቤት የጠፋ ይመስል። አንድ ቀን ሽብሩ መንገዱን ተሻግሮ ገባ። ሰላም አላለኝም። ከግድግዳው ላይ ገጀራ አወረደ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ዋጋውን ጠየቀ። ነገርኩት። ቀስ አድርጎ መልሶ ሰቀለው።

«አሁን አይደለም» አለና ወጣ።

በሥራዬ ላይ ደንበኛ ሳይገዛ ሲወጣ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታው ግን እስከ በሩ ድረስ ነበር። በማግሥቱ ገጀራዎቹን ሁሉ አውርጄ ጓዳ አስገባኋቸው፤ ሽብሩም ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ባዶውን ግድግዳ አየው።

ሳህሌን ጣቢያ ሄጄ አየሁት። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደተጣለበት ያየዋል። የሆነውን ንገረኝ አልኩት።

«የመጀመሪያዋን እኔ ተኮስኳት» አለ። «ሁለተኛዋን ማን እንደተኮሳት አላውቅም።»

«ሽጉጡ በማን እጅ ነበር?»

«በኔ።»

«ታዲያ?»

«ፍቄ፣ ጣቴን አላዘዝኩትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላመንኩትም። ከጎኑ ቆሜ በዓይኔ አይቼ ሳለ አላመንኩትም። የገበያው ቃል ከዓይኔ በላይ ሆነብኝ። ደግሞ «አላዘዝኩትም» ማለት ያው «ሳላስበው ነው» ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ቃል መርካቶ ላይ ስሰማው የኖርኩ ሰው ነኝ። ምሳውን ሰጥቼው ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሸምሱ የሚባል የቆየ ደንበኛዬ ከቡታጅራ መጣ። በርበሬ ያለማል፤ የውሃ ፓምፕ ፈልጎ ነው። ያልተሞከረ አይገዛም፣ ትክክል ነው፣ እኔም ያልተሞከረ አልገዛም። ጓሮ ወስጄ በርሜሉን ሞላሁ፣ ፓምፑን አስነሣሁ። ከጎማው ጫፍ ላይ አጭር ቧንቧ ነበረ፣ ከእሱ ላይ ጎሚቶ፣ ማለት ቧንቧን ወደ ጎን የምናጥፍበት ክርን፣ ከጎሚቶው ደግሞ ሌላ ቀጭን ቁራጭ ቧንቧ። ሸምሱ የታችኛውን ቁራጭ በአንድ እጁ ጨብጦ የላይኛውን ወደ አጥሩ አዞረ። በሌላ እጁ ስልክ እያናገረ ነው። እኔ ከጀርባው ሆኜ መክፈቻውን ለቀቅሁት።

ውሃው ወደ አጥሩ ጀመረ። ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ ቧንቧው ተነሣ፣ የሸምሱ አንጓ ታጠፈ፣ ውሃው በራሱ ላይ አልፎ እኔን ከደረቴ እስከ ጫማዬ አለበሰኝ።

«ወላሂ ወደ አጥሩ ነው የያዝኩት» አለ ሸምሱ እየደነገጠ። «ራሱ ነው የዞረው። አንተን ብዬ አይደለም።»

ውሃው ከጢሜ ላይ እየተንጠባጠበ ቆምኩ። የታችኛውን ቁራጭ የጨበጠውን እጁን አየሁ፣ ከጭብጡ በላይ የተጋደመውን ቧንቧ አየሁ። ሽጉጥ ነበር። ከቧንቧ የተሠራ ሽጉጥ።

ነገሩን እኔ በሱቅ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የተማረ ሰው ካለ በሱ ቋንቋ ያስተካክለው። ወደ ፊት የሚወጣ ነገር ወጪውን ወደ ኋላ ያወራርዳል። ጥይቷ ወደ ፊት ስትሄድ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ግን ጥይቷ የምትወጣበት ቧንቧ ከጭብጡ በላይ ነው ያለው። ግፊቱ ከላይ ይመጣል፣ እጅ ከታች ይዟል። በር ላይ የቆመን ሰው ግንባሩን ብትገፋው እግሩ ባለበት ይቀራል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሽጉጥም እንዲሁ ነው፤ ጭብጡ ይቀራል፣ አፈሙዙ ይነሣል። ምንሽር ከባድ ነው፣ ሰደፉም ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ግፊቱን ሙሉ ሰውነት ይቀበለዋል። ትንሿ ሽጉጥ ከአንድ አንጓ በቀር የሚቀበላት የላትም፤ ቀላል ስለሆነችም ይብስ ትዘላለች። ምንሽር ደግሞ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ካልከፈትከውና ካልዘጋኸው ሁለተኛ አይተኩስም። እሷ ግን ራሷ ታጎርሳለች። የደነገጠ ሰው ምን ያደርጋል? የያዘውን ይጨብጣል። ጣቱ ቃታው ላይ ነው ያለው። እነሆ ሁለተኛዋ ጥይት።

ለሸምሱ ፓምፑን በቅናሽ ሰጠሁት። ለምን እንደቀነስኩለት እስካሁን አያውቅም፤ ጥፋቱ የሱ መስሎት ባገኘኝ ቁጥር ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይኖራል።

ሽማግሌዎቹ በጀፎረው ላይ ከዝግባው ሥር የሚቀመጡበት ቀን ደረሰ። ነገሩ አንድ ነው፤ ሳህሌ ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም። ሀብቴ ከሞት ቢያመልጥም እስከዚያ ቀን ከአልጋ አልወረደም ነበር። እኔ ሌላ ፓምፕ፣ በርሜልና ያችን ቧንቧ በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ሄድኩ። አባ ኬርጋ ከመቀመጫቸው ሆነው ዕቃው ሲወርድ ተመለከቱ።

«ፍቄ፣ እኛ ስለ ደም ልንነጋገር ተቀምጠናል። አንተ ገበያ ወጣህ?»

«ዛሬ አልሸጥም አባ። አንድ ሰው ይህችን በአንድ እጁ ይያዝልኝ ብቻ።»

«ማን ይያዝ?»

«ሽብሩ።»

ሽብሩ ተነሥቶ መጣ። ሰፊ እጅ አለው፣ ቆፍሮ አደር ነው። ወደ ባህር ዛፎቹ እንዲያነጣጥር ነገርኩት፤ አነጣጠረ። ሽማግሌዎቹ ለማየት ተነሥተው ቀረቡ፣ እንደ ልማዳቸውም ከያዘው ሰው ጀርባ ቆሙ። አባ ኬርጋ ከፊተኞቹ ነበሩ። ይህን እኔ አላዘዝኩም፤ ወጉ አዘዘልኝ። ሞተሩ ሲጮህ ቆየ። መቼ እንደምከፍተው አልነገርኩትም፤ ሳህሌም ያች ነገር መቼና እንዴት እንደምትዘል የነገረው አልነበረም።

ለቀቅሁት። ቧንቧው ከሽብሩ እጅ ላይ ዘለለ፣ ውሃው በራሱ ላይ አለፈና የአባ ኬርጋን ነጭ ጋቢ ከአንገታቸው ጀምሮ መታው። መክፈቻውን ዘጋሁ። ማንም አልሳቀም። ውሃው ከጋቢው ጫፍ ሣሩ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

አባ ኬርጋ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። እኔ ነገሩ ተበላሸ ብዬ ነበር፤ በሽማግሌ ላይ ውሃ የሚደፋ የሽምግልና ዘዴ ሰምቼ አላውቅም።

«ሽብሩ» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ልትመታኝ ፈልገህ ነበር?»

«ኧረ አባ፣ ምን ነካዎት?»

«መልስልኝ።»

«አልፈለግሁም።»

«እጅህ ላይ የነበረው ማነው?»

ሽብሩ ቧንቧውን አየ። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው፤ እባብ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

አባ ኬርጋ ወደ ተሰበሰበው ዞሩ። መስማት ያለበት እንደሰማ፣ ማየት ያለበትም እንዳየ ተናገሩ። ጋቢያቸውን እየጨመቁ ግን ሌላም ጨመሩ። ሽማግሌ ሆን ተብሎ አይደለም ማለት ይችላል፤ ይቅር ማለት ግን አይችልም። ደሙ የሀብቴ ነው፣ ቃሉም ከሀብቴ አፍ ካልወጣ የሳህሌ ቤተሰብ አይመለስም፣ ሽብሩም እጁን አይሰበስብም።

ሀብቴ ደግሞ ቃል አልወጣውም። አታት ሄጄ ጠየቅሁት፤ ኮርኒሱን ያያል። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ኮርኒሱን ያያል። እንደዚያ ቀልድ የማይጨርስ ሰው ጥርሱን ነክሶ ዝም ሲል የሚያስበው ነገር ጥሩ ነው ብሎ የሚገምት የለም። ወንድሞቹ ወደ ሻይ ቤቷ ተመለሱ። አሁን ደግሞ ሻዩንም ማዘዝ ትተው ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ሱቄ መጣ። ብቻውን ነው። ከስቷል፤ ቀኝ ክንዱ ታጥፎ ደረቱ ላይ ቀርቷል፣ ሲዘረጋው ያመዋል። ተነሥቼ ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጠም።

«የሽብሩን ጉድ ሰማሁ» አለ። «ለኔም አሳየኝ።»

ጓሮ ወሰድኩት፣ በርሜሉን ሞላሁ፣ ቧንቧውን ሰጠሁት። በቀኝ እጁ ያዘው፤ ክንዱ ግን ስለደከመ ቧንቧው ወደ ታች ዘቀዘቀበት። ሞከረ፣ ዘቀዘቀ። ተናደደና ግራ እጁን ጨምሮ ከሥር ደገፈው፣ ሁለቱን ጥርቅም አድርጎ ጨበጠ፣ ክንዶቹን ዘረጋ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ከጀርባ መቆም ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። መክፈቻውን ለቀቅሁት።

ቧንቧው ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ቀና አለ፣ ተመለሰ። ውሃው ቀጥ ብሎ ሄዶ አጥሩን መታ። ሀብቴ አልተነቃነቀም። በርሜሉ እስኪያልቅ ድረስ አጥሩን ሲመታ ቆየ። እኔም እንደሱ ደንግጬ አየሁት፤ ያን ሁሉ ስሞክር በሁለት እጅ መያዝ በሐሳቤ አልመጣም።

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ይያዛል» አለ።

«ተያዘ።»

«ደምሴ በሁለት እጁ ነበር የያዘው።»

«አዎ።»

ቀና አለና አየኝ። ከንፈሩ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል ተመለሰ።

«ድስት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሳህሌ እጆቹን ሲያይ የነበረው ትዝ አለኝ፤ ሁሉም እየሳቀ፣ እሱ ሁለት እጆቹን እያየ። አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ሀብቴ ቧንቧውን ቀስ አድርጎ በርሜሉ ላይ አጋደመው። እጁን ሱሪው ላይ አደረቀ። ሳህሌ መቼ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው ብሎ ጠየቀኝ፤ ሐሙስ ነው አልኩት።

«መኪና ፈልግና ውሰደኝ።»

ሄድን። ስለ ዛፉ ጠብ፣ ስለ ጠዋቱ ሳቅ፣ የትኛው ቦታ ላይ ማን እንዳቆመው ሳይደብቅ ተናገረ። ፍርድ ቤቱ ጥንቃቄ በማጉደል ብሎ ለሳህሌ ቀላል ቅጣት ሰጠው። ደምሴ ሽጉጡን አጣ፣ የሕክምናውንም ወጪ ሽማግሌዎች ወሰኑበት። ሳህሌ ሲፈታ በጀፎረው ላይ እርቅ ተደረገ፤ ሀብቴ በሰው ሁሉ ፊት ይቅር ብያለሁ ካለ በኋላ የድስቱን ነገር ራሱ አንስቶ ተናገረ። ራሱ በአደባባይ ስለተናገረው ነው እኔም ዛሬ የምጽፈው። ሲናገር ሽብሩ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ እኛም የሳቅነው ሁላችን መሬት መሬት እናይ ነበር። ሣር የበዛበት መሬት ነው፣ የሚታይ ነገር አለው።

የሳህሌ እናት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባህር ዛፎቹ አሁንም በመካከል አሉ። የሚቆርጣቸው የለም። ሳህሌ ይሰፋል፤ መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ ግን እጁ እንደ ድሮው አይደለም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ነገር ምን አገኘህ ብትሉኝ፣ ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ «ሳላስበው ነው» ለሚለኝ ሰው ኪሴን ትቼ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ፤ ሁሉም እውነቱን ነው አልልም፣ ግን ወንበር አቀርብለታለሁ። ሌላው፣ «ሳላስበው ነው» ማለት ነገሩን እንደማይዘጋው ማወቄ ነው። ሳህሌ አላሰበም፤ እውነት ነው። ሽጉጡ ግን ሊያዝ ይችል ነበር፤ እንዴት እንደሚያዝ ከመካከላችን አንድ ሰው አሳይቶን ነበር፣ እኛም ስቀን አስቆምነው። ያች ጥይት ከሳቃችን ነው የወጣችው እላለሁ ብቻዬን ስሆን። ይህን የሚያስተካክል የተማረ ሰው ካለ ግን ባያስተካክልብኝ እመርጣለሁ።

አሁን ከእኔ ሱቅ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ከመውሰዱ በፊት ጓሮ ገብቶ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ያሳየኛል። የማይፈልግ ሌላ ሱቅ አለ። ባለፈው አንድ ጎረምሳ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ያወጣ፣ ይህን ስነግረው ጓደኛውን ጠቅሶ ሳቀ። ሕፃን ነው እንዴ የማቅፈው አለኝ።

«ሳቅ» አልኩት። «በሁለት እጅህ ይዘህ ሳቅ።»